የተውሶ ሽንት

ጋምቤላ፣ ሐምሌ 11

ውድ ቤዛዊት፣

የሌላ ሴት ሽንት የራሴ ነው ብለሽ ሰጠሽ፤ አባትሽንም በሰው ፊት ውሸታም አደረግሽው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከተቀመጥኩበት ወንበር ያስነሳኝ ዶክተር ልዑልቃል አይደለም። እርጅናም አይደለም። አንቺ ነሽ። ይህን አለዝቤ የምጽፍበት ቃል የለኝም፤ ቢኖረኝም አልጠቀምበትም። «ውድ» ያልኩሽም ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር ነው።

ማክሰኞ ዕለት፣ አንቺ ካለሽበት ከመቲ ማር ጭኖ የመጣው ሾፌር ፖስታሽን እቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ሁለት ወረቀት ነበረው። አንዱ ለእኔ ነው። ሌላው በሙሉ ስምሽና በፊርማሽ ለዶክተር ልዑልቃል የተጻፈ ነው። ለእኔ በጻፍሽው ላይ «አባዬ፣ ወረቀቱን ለዶክተሩ ይስጡልኝና ስምዎ ይመለስ፤ ከዚያ በኋላ ይቅር ይበሉኝ» ትያለሽ። የሆነውንም በሁለት መስመር ጨርሰሽዋል፤ «በዕለቱ ሽንት አልመጣልኝ ስላለ፣ ከጎኔ ከነበረች እናት ተቀበልኩ» ብለሽ። ሁለቱም መስመር ልክ አይደለም። እኔም የምጽፈው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተካክዬ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ይበቃኛል።

ማን እንደሆንኩ የረሳሽ ይመስለኛል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ዶክተር ልዑልቃል ወደሚመራው ክሊኒክ የገባሁት በዘበኝነት ነው። የላብራቶሪው ሰው ኦጆት ምሳ ሲሄድ ማይክሮስኮፑን ጠብቅ ብሎ ይተወኝ ነበር። ጠበቅኩት፤ አየሁበትም። ወባ በከተማው የበረታበት ዓመት ኦጆት ራሱ ወድቆ ተኛ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የመጣውን የደም ስላይድ ሁሉ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ኦጆት ከአልጋ ሲነሳ አንድ በአንድ ደግሞ አየው። የተሳሳትኩት በሁለቱ ብቻ ነበር። የሁለቱንም ሰዎች ስም እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት ለቀምኩት፤ አጭር ኮርስም ወሰድኩ፤ ኦጆት ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ የእኔ ሆነ።

አንቺ ያደግሽው በዚያ ወንበር ሥር ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ማይክሮስኮፑ ጋ እንድትደርሺ የግሉኮስ ካርቶን ላይ አቁሜሻለሁ። «አባዬ፣ ይሄ ቀለበት የሚመስለው ምንድን ነው?» ያልሽኝን አስታውሳለሁ፤ ወባው ነበር። ስለዚህ ዓይኔ ምን ማየት እንደሚችል በዚህ ከተማ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ልብ በይልኝ።

ካልቸር መሥራት፣ ሽንት ዘርቶ ባክቴሪያውን ማብቀል፣ የጀመርነውም በእኔ ጭቅጭቅ ነው። ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ይሠራ የነበረ አንድ ድርጅት ሲወጣ የተበላሸ ኢንኩቤተር፣ የተዘራው የሚበቅልበትን ማሞቂያ ሳጥን፣ ትቶ ሄደ። አምጥቼ ጠገንኩት። ዶክተሩ «ጋምቤላ ውስጥ ኢንኩቤተር ምን ይሠራል? በሩን ከፍተው ውጭ ያስቀምጡት፣ ይበቅላል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ከመጽሐፍ አንብቤ የነገርኩት እኔ ነኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር ምንም ሳያማት፣ ሳያቃጥላት፣ ሳያተኩሳት በሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ከመቶ ሴት እስከ አሥሩ ሊኖርባቸው ይችላል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳትም። ነፍሰ ጡሯን ግን ዝም ብለው ከተዉአት ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ ልጁንም ያለ ጊዜው ያስወልዳል። መድኃኒቱ የጥቂት ቀን ክኒን ነው። ካልፈለጉት ግን አይገኝም፤ ስሜት የለውምና። ዶክተሩ በመጨረሻ እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርግዝና ክትትል የመጣችን ሴት ሁሉ ሽንቷን እዘራለሁ፤ በማግስቱ እቆጥራለሁ። አንቺም የዚያው ክሊኒክ አዋላጅ ሆነሽ፣ ሽንታቸውን እንዲሰጡ ወደ እኔ መስኮት የምትልኪያቸው ራስሽ ነበርሽ።

ጥቅምት ላይ ተራው የአንቺ ሆነ። ሦስት ወር አልፎሽ ነበር። ጠዋት የሰጠሽኝን ብልቃጥ ወዲያው ዘራሁት፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። በማግስቱ የዘራሁበትን ፕሌት ከፈትኩ። ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። መቶ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ብልቃጡ ቆሽሾ ወይም ሙቀት አበላሽቶት ቢሆን ኖሮ የተለያየ ዘር ይቀላቀልበት ነበር። አንድ ዓይነት ብቻ ሞልቶ ሲገኝ ከሴትየዋ ከራሷ ነው።

በመስኮቱ ጠራሁሽ። እንዴት እንደጠራሁሽ በወረቀትሽ ላይ አልጻፍሽም፤ እኔ እጽፈዋለሁ። «ቤዛዊት ጥዑመልሳን! ሽንትሽ ባክቴሪያ አለበት፤ ነይ!» አልኩ። ሁሉንም የምጠራው እንደዚያ ነው። ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩሽ። ዘበኛው ጋትሉዋክ ከበሩ ላይ ሆኖ «ወይኔ! ሲስተር ቤዚ ራሷ ታመመች! እንግዲህ እኛን ማን ሊያክመን ነው?» አለ፤ ሳቁም ተከተለ። አንዲቱ ሴት ደግሞ ለጓደኛዋ «ይሄ የባል ነው» ስትል ሰማሁ። አንቺም ሰምተሻል።

ነጭ ጋውንሽን እንደለበስሽ ገብተሽ በሩን ዘጋሽ።

«አባዬ፣ ዝቅ አድርገው መናገር አይችሉም?»

«ሰውን ሁሉ እንዴት እንደምጠራ ታውቂያለሽ። ልጄ ስለሆንሽ አላንሾካሹክልሽም።»

«ምንም አይሰማኝም እኮ! አያቃጥለኝ፣ አያመኝ።»

«እሱ ነው በሽታው።»

«እርስዎ በኦቻን ላይ ሰበብ ሲፈልጉ ሁለት ዓመትዎ ነው። ሠርጌ ላይ አልመጡም። አሁን ደግሞ በሰው ፊት ባሌ በሽታ አመጣባት አስባሉኝ።»

«ስለ ባልሽ ያልኩት ነገር የለም። ይሄ ከባል አይመጣም፤ ከራስ አንጀት ነው የሚመጣው። ተምረሽዋል።»

በሩን ወርውረሽው ወጣሽ። ሠርግሽ ላይ ያልመጣሁት በእኔ ቤተ ክርስቲያን ስላልሆነ ነው። ዛሬም ቢሆን አልመጣም። ነገር ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ከፕሌት ጋር አይገናኝም። አንቺ አገናኘሽው።

ዶክተሩ ሁለታችንንም ጠርቶ «ሽንቱ ሙቀት ላይ ቆይቶ ይሆናል፤ ጥቅምት ነው ቢባልም ጋምቤላ ጥቅምትን አታውቅም» አለ። ከዚያ ሁለተኛ ናሙና ትስጪና ሊና ትሥራው ተባለ። ሊና በዲግሪ የተመረቀች፣ እጇ ንጹሕ የሆነ ልጅ ናት፤ ከመጣች ገና ስድስት ወሯ ነበር። እኔ አልተቃወምኩም። በሁለት ናሙና ማረጋገጥ ደንብ ነው። «ያገኘሁትን ታገኛለች» ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ የነፍሰ ጡሮች ቀን ነው። እንዴት እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አርባ ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራል፤ መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮ ነው፤ በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ከሩቅ በእግሯ የመጣች ሴት ላቧን ጨርሳ ስለምትደርስ ጠብታ አይወጣትም። ያኔ ከጎኗ ያለችው ትሰጣታለች። ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ግማሹን ገልበጥ። ለእነሱ ደግነት ነው። ለስኳር ይሁን ለእርግዝና፣ ሽንት ሽንት ነው ይላሉ። አንቺ ራስሽ በዚያ አግዳሚ ፊት ቆመሽ «ሽንት ጨው አይደለም፣ አይዋዋሱትም!» ብለሽ ስትጮኺባቸው በመስኮቴ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

በዚያ ዓርብ አንቺም በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሽ፤ አንቺም ተዋስሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊና ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ይዩት» አለችኝ፤ ድምጿ አልደፈረም። ፕሌቱ ላይ ምንም የለም። ወደ መብራት ወስጄ አየሁት። ወደ ፀሐይ አወጣሁት። በእጅ ሌንስ አየሁት። ባዶ ነው። «ዳግም ዝሪው» አልኳት። ዘራችው፤ በማግስቱም ባዶ ነው። ዶክተሩ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና «ጋሽ ጥዑመልሳን፣ ሰባ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ዓይን ይደክማል» አለኝ።

«ዓይኔ አልደከመም» አልኩት።

«እንግዲያው ሊና ተሳሳተች?»

«ሊና የተሰጣትን በትክክል ሠርታለች።»

«ታዲያ?»

አንቺ እዚያው ቆመሻል። መልሱ በአንቺ አፍ ውስጥ ነበር።

በሳምንቱ ሸኙኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። ዶክተሩ ስለ ታማኝነቴ ተናገረ። አጨበጨቡ። አንቺ ከመርፌ ክፍሉ በር ላይ ቆመሽ አብረሽ አጨበጨብሽ። ከሁሉም ነገር በላይ ያቺን አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ቤትሽ ድረስ መጥቻለሁ። «ሌላ ናሙና ስጪ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለሊና ስጪ» አልኩሽ። ሦስተኛው ላይ «አባዬ፣ ሥራዎን አጥተው አልቻሉ ብለው ነው፤ ይብቃዎት» አልሽኝ። የኦቻን እናት አጁሉ ዓሣ እየጠበሰች ነበር። «ሰውዬ፣ አንተ ሁልጊዜ ሽንት፣ ሽንት! ቁጭ በልና ዓሣ ብላ» አለችኝ። አልበላሁም።

የካቲት አጋማሽ ላይ ኦቻን ከአውሮፕላን ማረፊያው የሥራ ሰደርያውን እንኳ ሳያወልቅ በባጃጅ መጣ። «አባባ፣ ቤዚ እየተንቀጠቀጠች ነው። ወባ ነው ይላሉ።» በጋምቤላ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ወባ ነው። ሄድን። በጀርባሽ በስተቀኝ፣ ከጎድንሽ በታች እጄን ሳሳርፍ ጮህሽ። ሆስፒታል አስገባንሽ። ወባ አልተገኘም። ሽንትሽን አዩት፤ መግል ሞልቶታል። በማግስቱ ገና ሁለት ወር የሚቀራት ልጅ ወለድሽ። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም።

ልጅቷን ያዳነቻት አጁሉ ናት። እውነቱን ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ይህንንም እጽፋለሁ። አንቺ በትኩሳት ስትቃጠዪ ሕፃኗን ራቁቷን ከደረቷ ጋር አስራ ሃያ ሁለት ቀን ተቀመጠች። ደከመኝ አላለችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳይ «ጥዑም! ለምን በር ላይ ቆምክ? ና ግባ፤ ልጅ አይበላህም» አለችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ «ጥዑም» ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ገባሁ።

ጣቢታን ያገኘኋት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከማዋለጃ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ዛፉ ሥር። ዓሣ ሻጯ ጣቢታ። ልጇን ታቅፋ ለክትባት መጥታ ነበር። ክሊኒካችን ውስጥ ሴቶቹ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ታውቂያለሽ።

«አባባ መስኮት! አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ልጄ ታማለች።»

«ሲስተር ቤዚ? ምን ሆነች?»

«ኩላሊቷ ነው። ከሽንት የመጣ ነው።»

«ከሽንት?» ብላ ሳቀች። «አባባ፣ የእሷ ሽንት እኮ የኔ ነው! ያ ዓርብ ሲስተር መጣች፣ ከጓሮ ጠራችኝ፤ ‹ጣቢታ፣ ትንሽ ስጪኝ› አለች። እኔ ‹ሲስተር፣ ለኛ ትቆጪያለሽ፣ ዛሬ አንቺ?› አልኩ። እሷ ‹ዝም በይ፣ ስጪኝ› አለች። እኔ ሽንት ብዙ አለኝ፤ ሰጠሁ።» ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች። «ጥፋት ነው እንዴ?»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት። ልጇን ባርኬላት ሄድኩ። እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ባሮ ድልድይ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ትኩሳትሽ እስኪበርድ አራት ቀን ጠበቅኩ። ከዚያ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ «የጣቢታ ሽንት ነበር» አልኩሽ። መካድ አልሞከርሽም።

«አልመጣልኝም ነበር፣ አባዬ። ሊና ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።»

«ሰኞ መስጠት ትችይ ነበር።»

የአንሶላውን ጫፍ ወደ አንገትሽ ሳብሽ።

«ንጹሕ ነኝ ብለሽ ብታምኚ ኖሮ የራስሽን ትሰጪ ነበር፤ እኔን ለማሳፈር የራስሽ ይበቃሽ ነበር። የሰው የተዋስሽው እኔ ልክ እንደሆንኩ ስላወቅሽ ነው።»

ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። «ፈርቼ ነው» አልሽ። «በሽታውን አይደለም። መስኮቱን ነው የፈራሁት። ሁለተኛ እንዳይጠሩኝ። ክኒኑን ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ በድብቅ እወስዳለሁ አልኩ። እርስዎ ሲሸኙ ግን፣ አሁን ብወስድ ማመኔ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ምንም አልተሰማኝም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ረሳሁት።»

ይህን ነበር በወረቀትሽ ላይ መጻፍ የነበረብሽ። «አልመጣልኝም» አይደለም።

ከዚያ እጄን ይዘሽ «ዶክተር ልዑልቃል ካወቀ ፈቃዴን ያስነጥቀኛል፤ አይንገሩብኝ» አልሽ። እጄን አስለቀቅኩሽና ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሕፃኗን ለማየት ስመጣ ከአጁሉ ጋር እንጂ ከአንቺ ጋር አላወራሁም። ግንቦት ላይ፣ ለልጅቷ ቀዝቀዝ ያለ አገር ይሻላታል ብለሽ መቲ ጤና ጣቢያ ሥራ አግኝተሽ ስትሄጂ ልሸኝሽ አልወጣሁም። ኦቻን የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራውን ትቶ፣ እናቱንም ይዞ ተከተለሽ። ያ ልጅ ሰው ነው። ይህን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አልደግመውም።

ስለ መስኮቱ ያልሽውን አስቤበታለሁ። አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከአንቺ በፊት ወንድም ነበረሽ። እናትሽ የሺአረግ በሰባት ወሯ እንደ አንቺው ተንቀጥቅጣ፣ ጎኗን ይዛ ጮኻ ወለደችው። አንድ ቀን ኖረ። ያኔ እኔ ዘበኛም አልነበርኩም፤ ሽንቷን ያየላት ሰው የለም፤ ያ ይሁን ሌላ ይሁን አላውቅም፤ ያላየሁትን ነው አልልም። ግን ያንቺን ፕሌት ስከፍት የታየኝ እሱ ነው። ጩኸቴ የወረፋ ጩኸት ብቻ አልነበረም። ይህን የምጽፈው እንድታዝኝልኝ አይደለም። ይቅርታ እየጠየቅኩሽም አይደለም። ዝቅ አድርጌ ብጠራሽ ይሻል ነበር፤ ይሻል ነበር ማለት ግን ያደረግሽውን ልክ አያደርገውም።

አሁን ወደ ወረቀትሽ ልምጣ። ረቡዕና ሐሙስ ኪሴ ውስጥ ዋለ። ትናንት ዓርብ ልሰጠው ብዬ ሄድኩ። ተሳስቼ ወይም ላሾፍ አይደለም፤ የምሬን ልሰጠው ነው የሄድኩት። ሸሚዜን ተኩሼ ለብሻለሁ።

ዶክተሩ በር ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። «ጋሽ ጥዑመልሳን! ሰዓቱ ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኩት። ከካርቶኑ አላወጣሁትም።

ሊናን ጠራት። ሦስታችን ተቀመጥን። እኔ ሳልጀምር እሱ ጀመረ። «ስለ ቤዚ ሁልጊዜ አስባለሁ። የኩላሊት ሕመሙ በኋላ የያዛት ነው ብለን ዘጋነው። ሊና ግን አልዘጋችውም፤ ‹ጋሼ ያን ያህል አይሳሳቱም፤ ያ ፕሌት አንድ ዓይነት ብቻ ነበር› ትለኛለች። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ናሙናው ተለውጦ ይሆን?»

እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ወረቀቱን ይዣለሁ።

«ተለውጦ ቢሆንስ?»

«ከሆነማ ነገውኑ ወደ ወንበርዎ ይመለሳሉ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።» ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና «እሷን ግን መተው አልችልም» አለ። «የራሷን ናሙና የለወጠች አዋላጅ ነገ የሌላ ሴት ውጤት አትለውጥም ብዬ በምን አምናለሁ? ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል እጽፋለሁ። ዘመድ አላይም። ይህን ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ልክ ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጽፍ ነበር። ወንበሩ በተከፈተው በር በኩል ይታየኛል። መስኮቱ ላይ ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ሊና ዓይኔን ታያለች፤ ይናገሩ፣ ይናገሩ የምትለኝ ይመስላል።

«አልተለወጠም» አልኩ። «ዓይኔ ነው። ያኔ ደክሞ ነበር።»

ሊና አንገቷን ደፋች። «እሺ ጋሼ» አለኝ ዶክተሩ፤ ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ግን ከዚያ አልፎ አልጠየቀም።

ቤዛዊት፣ ስሚኝ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አላውቅም ነበር። በደርግ ጊዜ ጠመንጃ ይዘው ሲጠይቁኝ አላልኩም። የተሳሳትኳቸው ሁለት ስላይዶች እንኳ የእኔ ስህተት ናቸው ብዬ በአደባባይ ተናግሬያለሁ። ትናንት ግን በገዛ ዓይኔ ላይ በሐሰት መሰከርኩ። አንቺ የጀመርሽውን ውሸት እኔ ጨረስኩልሽ። ይህን ስጦታ ነው ብለሽ እንዳትወስጂው። ይቅር ብዬሽም አይደለም፤ ይቅር አላልኩሽም።

ያደረግሁበት ምክንያት አንድ ነው። ስታዋልጂ አይቼሻለሁ። ልጁ በእግሩ የመጣባትን ሴት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ላብሽ ዓይንሽ ውስጥ እየገባ፣ ሳትጮኺ ሳትንቀጠቀጪ ስታወጪላት በመስኮቱ አይቻለሁ። ያ እጅ መቲ ላይ ያስፈልጋል። የእኔን ወንበር ሊና ትይዘዋለች፤ ጎበዝ ናት። የአንቺን እጅ ለእነዚያ ሴቶች የሚተካ ግን በቅርብ አላውቅም። ስሜ ከዚያ አይበልጥም። አስቤ አስቤ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ስወጣ ለዶክተሩ ሦስት ነገር ነግሬዋለሁ። የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ይግባለት፤ ሴቶቹም አንድ በአንድ ስማቸው ብልቃጡ ላይ ተጽፎ ይግቡ፤ ያልመጣላት ሴት ውሃ ጠጥታ ትጠብቅ ወይም በማግስቱ ትምጣ። አንቺም መቲ ላይ እንዲሁ አድርጊ። ለማንም ስትይ እንዳትዘነጊው። ምንም አያመኝም የምትልሽን ሴት ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ መርምሪያት። አንቺም ሁለተኛ ካረገዝሽ በመጀመሪያው ወር የራስሽን ሽንት አስመርምሪ፤ አንዴ ኩላሊቱ ድረስ የደረሰበት ሰው ዳግም ሊመጣበት ይችላል።

ወረቀትሽን ጠዋት ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሌላ ብትልኪ እሱም እዚያው ይገባል። ራስሽ መጥተሽ ለዶክተሩ ብትናገሪ፣ ልጄ ትኩሳቱ ጭንቅላቷን ነክቶታል እላለሁ፤ እኔን ያምናል።

ለሕፃኗ ለአባንግ በሾፌሩ እጅ የወባ አጎበር ልኬአለሁ፤ መቲም ቢሆን ወባ አለ። ክብደቷን በየወሩ ጽፈሽ ላኪልኝ። ለአጁሉ ሰላም በይልኝ።

መስከረም ላይ ትመጫለሽ ብሎኛል ሾፌሩ። ነይ። ቤቱ የአባትሽ ነው። ስለ ልጅቷ ጥርስ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መቲ መንገድ እናወራለን። ስለዚህ ጉዳይ ግን አትጀምሪ። ብትጀምሪ ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ብታለቅሺም አልመለስም። ሰው ቢጠይቀኝ ዓይኔ ደክሞ ነበር እላለሁ፤ አንቺ ብትጠይቂኝ ያንን እንኳ አልልሽም። የምለውን ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ ብያለሁ። ከእንግዲህ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስለዚህ ነገር ከአፌ አንድ ቃል አትሰሚም።

አባትሽ
ጥዑመልሳን አሸብር